ዓሣ መስሎኝ የቆጠርኩት

የእህቴ ልጅ አሥር ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው ኦስሎ ነው። ባለፈው ሳምንት በስልክ ስናወራ፣ “አጎቴ፣ ኢትዮጵያ ባሕር የላትም። አንተ ስለ ባሕር ዓሣ ምን አገባህ?” አለችኝ። “ምን አገባህ” የሚለውን ከእናቷ እንደተማረችው ወዲያው ገባኝ።

ጥያቄዋ ግን ጥሩ ነው፤ ለእናንተም ልመልሰው።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የተማርኩት ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ነው። እዚያ ያለው የባሕር ምርምር ተቋም ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ጋር ሆኖ “ዶክተር ፍሪትዮፍ ናንሰን” የተባለችውን የምርምር መርከብ ያሠማራል። በዚህ ስም የተጠራችው የመጀመሪያዋ መርከብ ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። የአሁኗ ሦስተኛዋ ናት፤ ከ2017 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታትን ሰንደቅ ዓላማ እያውለበለበች ትጓዛለች። ናንሰን ራሱ የዋልታ አሳሽ ነበር። በኋላ ግን አገር ላጡ ስደተኞች “የናንሰን ፓስፖርት” የተባለውን ሰነድ አስጀምሯል፤ በ1922ም የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝቷል። ወላጆቻችሁ በስደት የመጡ ከሆነ ስሙን ብታውቁት አይከፋም።

መርከቧ ዓሣ የምትቆጥረው በድምፅ ነው። ከሥሯ ወደ ውኃው ድምፅ ትልካለች። ብዙ ዓሦች በሆዳቸው ውስጥ አየር የያዘ ከረጢት አላቸው፤ ድምፁ እሱን ሲመታ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። ከዚያ ተመራማሪዎቹ መረብ ጥለው ጥቂት ዓሣ ያወጣሉ፤ ዓይነቱን ይለያሉ፣ ርዝመቱን ይለካሉ። በዚያው ጉዞ የውኃው ሙቀት፣ ጨውና ኦክስጅንም ይለካል።

በምዕራብ አፍሪካ ሰርዲኔላ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ። ይህ ዓሣ ፓስፖርት አያስፈልገውም፤ ከሴኔጋል ወደ ሞሪታኒያ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሴኔጋል ውስጥ ወንዶቹ በረጃጅም የእንጨት ጀልባ ያጠምዱታል፤ ሴቶቹ በጭስ አድርቀው ይሸጡታል። ፋብሪካዎች ደግሞ ፈጭተው መኖ ያደርጉታል። ከመጠን በላይ እየተጠመደ ነው። አንድ አገር የራሱን ውኃ ብቻ ቆጥሮ “ዓሣው ቀነሰ” ቢል፣ ጎረቤቱ “እኛ ጋ መጥቶ ይሆናላ” ሊል ይችላል። አንዲት መርከብ የሁሉንም ውኃ በአንድ መሣሪያ ስትለካ፣ የየአገሩም ተመራማሪዎች አብረው ሲሳፈሩ ግን እንዲህ ማለት ይከብዳል።

የመመረቂያ ሥራዬ እንዲህ ያለውን ድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም መጻፍ ነበር። አንድ ማታ ፕሮግራሜ በጣም ብዙ ዓሣ አሳየኝ። ደስ ብሎኝ ከምዕራብ አፍሪካ ለመጣ የክፍል ጓደኛዬ አሳየሁት። እሱ በምርምር መርከብ ላይ ሠርቶ ያውቃል። ስክሪኑን ዝም ብሎ ካየ በኋላ፣ “ይሄ ዓሣ አይደለም፤ የባሕሩ ወለል ነው” አለኝ።

እውነቱን ነበር። ፕሮግራሜ ወለሉ የሚጀምርበትን መስመር ትንሽ ዝቅ አድርጎ አስምሮት ነበር፤ ስለዚህ የድንጋዩን ማሚቶ ከዓሣው ጋር ደምሮታል። ወለሉ ድምፅን ከዓሣ ይልቅ አጠንክሮ ስለሚመልስ፣ ትንሽ ስሕተት እንኳ ቁጥሩን በጣም ያሳብጠዋል።

“ይህ ቁጥር ሚኒስቴር ቢደርስ ለብዙ ጀልባ ፈቃድ ይሰጥበታል” አለኝ። “ከዚያ አጎቶቼ ባዶ መረብ ይዘው ይመለሳሉ።” እኔ የማስበው ስለ ውጤቴ ነበር፤ እሱ ግን ስለ ቤተሰቡ እራት። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ስለነዚህ ጉዞዎች ሲጻፍ የአፍሪካ ተመራማሪዎች “ሥልጠና አገኙ” ይባላል። ልክ ነው፣ ያገኛሉ። ያን ማታ የሠለጠንኩት ግን እኔ ነበርኩ። እርግጥ ነው፣ ትክክለኛ ቁጥር ብቻውን ፋብሪካ አያስቆምም፤ ያ የመንግሥታት ሥራ ነው። የተሳሳተ ቁጥር ግን ለማንም አይጠቅምም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት።

“ስሕተትህን ለአስተማሪህ ነገርከው?” አለችኝ።

“ነገርኩት።”

“ተቆጣህ?”

“አልተቆጣም። ‘ጻፈው’ አለኝ።”

ጻፍኩት፤ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ከነሥዕሉ አለ።