አባይ ሚዛን የተሸከሙ ገዢዎች

የሚያታልል ነጋዴ አባይ ሚዛኑን ከሱቁ አያወጣውም፤ የተታለለው ገዢ የጐደለውን እህል ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሚዛኑ ከነጋዴው ዘንድ ይቀራል። ቮልክስዋገን ከተባለው የጀርመን ኩባንያ የናፍጣ አውቶሞቢል የገዙ ሰዎች ግን ሚዛኑን ራሱን ሳያውቁ ገዝተው፥ ወደ ሥራ ሲሄዱና ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሲያደርሱ ይዘውት ይዞሩ ነበር።

ነገሩም እንዲህ ነው። ናፍጣ በሞተር ውስጥ ሲቃጠል የናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባል፥ ሳንባን የሚጐዳ ጋዝ ይወጣል። መንግሥታት መጠኑን በሕግ ስለ ወሰኑ አውቶሞቢሉ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በመመርመሪያ ቤት ይፈተናል። በሞተሩ መቈጣጠሪያ ውስጥ የተሰወረው ፕሮግራም ግን የመሪውን አቋም፥ ፍጥነቱንና የጊዜውን ርዝመት ተመልክቶ ፈተና መሆኑን ይለይ ነበር። ያን ጊዜ ጭስ አጥሪው መሣሪያ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፤ መንገድ በወጣ ጊዜ ግን ሥራውን ያቃልላል፥ ጋዙም ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይህን ተንኰል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በሴፕቴምበር 18 ቀን 2015 ገለጠው፤ ኩባንያውም በዓለም ሁሉ 11 ሚሊዮን ያህል አውቶሞቢሎች ይህ ነገር እንዳለባቸው አመነ።

ከገዢዎቹ መካከል አየሩን ላለማበላሸት ሲሉ ይህን አውቶሞቢል የመረጡ ነበሩ፤ በአሜሪካ ማስታወቂያው «ንጹሕ ናፍጣ» ይል ነበርና። እነዚህ ሰዎች ገንዘባቸው ብቻ አልተወሰደም፤ ሊሠሩት ያልወደዱትን ክፉ ሥራ በገዛ እጃቸው እንዲሠሩት ተደረጉ።

በአሜሪካ በ2016 በተደረገው ስምምነት ባለቤቶቹ አውቶሞቢሉን ተንኰሉ ከመገለጡ በፊት በነበረው ዋጋ ለኩባንያው መልሰው እንዲሸጡ ወይም እንዲያሳድሱ ተፈቀደላቸው፤ በዚህም ላይ ብዙዎቹ ከ5,100 ዶላር ያላነሰ ካሣ አገኙ። በጀርመን ግን መጀመሪያ የመጣው ገንዘብ ሳይሆን ደብዳቤ ነው፤ አውቶሞቢሉን አቅርበው ፕሮግራሙን ያላስለወጡ ሰዎች እንዳይነዱ እስከ መከልከል ደረሱ። ከበዳዩ ይልቅ የተበደለው በደብዳቤ መፍራቱ እጅግ ያስደንቃል።

ከዚህ በኋላ ክሱ በየፍርድ ቤቱ ሲጓተት ቈየ። በሜይ 25 ቀን 2020 በካርልስሩኸ ያለው የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ገዢው አውቶሞቢሉን መልሶ ዋጋውን እንዲቀበል ፈረደ፤ ዳሩ ግን የተጠቀመበት ያህል ተቀንሶ ነው። ይኸውም በኪሎ ሜትር ይሰላል። አንድ ሰው በ30,000 ዩሮ የገዛው አዲስ አውቶሞቢል 300,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ቢገመት፥ 50,000 ብቻ የነዳው ጡረተኛ 25,000 ዩሮ ይመለስለታል፤ ለእንጀራው ሲል 200,000 የነዳው ሠራተኛ ግን 10,000 ብቻ ያገኛል። የተጠቀሙበትን መክፈል ከፍትሕ የራቀ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከ2015 እስከ 2020 ፍርድ ሲጠበቅ የኪሎ ሜትሩ ቈጣሪ አልቆመም፤ ድኻውም ሌላ አውቶሞቢል ስለሌለው፥ ጧት ተነሥቶ ሥራ በሄደ ቍጥር ካሣውን ራሱ ይቀንሰው ነበር። በጁላይ 30 ቀን 2020 ያው ፍርድ ቤት፥ የተሄደው መንገድ ለአውቶሞቢሉ የተገመተውን ዕድሜ ከጨረሰ ለባለቤቱ የሚመለስ ምንም ገንዘብ ላይኖር እንደሚችል ወሰነ።