ፎቅ የማይሠራው አርክቴክት

እኛ የሸገር ልጆች «አርክቴክት ነኝ» የሚል ሰው ስንሰማ መነጽር፣ የሚያብረቀርቅ ጫማና የመስታወት ፎቅ ነው የሚታየን። በጥር 2011 ዓ.ም. ላሊበላ ያገኘሁት የማዘጋጃ ቤት አርክቴክት ግን ጫማው አፈር የለበሰ፣ ኪሱ ውስጥ እስክሪብቶና ሜትር ብቻ ያለው ልጅ ነው። የተማረው ልደታ፣ ሕንፃ ኮሌጅ ነው።

ላሊበላን ለማታውቋት፦ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው ነው የወጡት፤ የአብዛኞቹ ሥራ ከጣሪያ ጀምሮ ወደ ታች ነው የወረደው። ቤተ ጊዮርጊስ የቆመበት ጉድጓድ ብቻ 12 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። እንዲህ ያለ ሥራ አጠገብ አርክቴክት መሆን እንዴት ነው ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። «የእኔ ሥራ እኮ ከመሥራቱ መከልከሉ ይበዛል!»

ጠዋት ቢሮው በር ላይ ፈቃድ ፈላጊ ይሰለፋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ መድቦ ነበር፤ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመው «ሐ» ነበር። እዚህ ግን በፊደል ብቻ አያልቅም። ጣሪያው ከየት ይታያል? የክረምቱ ውኃ በየት ይወርዳል? ከላይ ሰፈር የተለቀቀ ጎርፍ ታች ያለውን አለት ይበላዋል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በእግር መዞር ነው።

አንዲት እናት ደጅ ደረስን። ቤታቸው የጥንቱ ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ ታች ከብት፣ ላይ ሰው ይኖርበት የነበረ፣ ደረጃው በውጭ የሆነ። ክዳኑ ያፈሳል፣ ቆርቆሮ ልምታበት ይላሉ። ልጃቸው ደግሞ አፍርሶ በብሎኬት የቱሪስት ማረፊያ ሊሠራበት ይፈልጋል።

«እማማ፣ ይኼን ግንብ የሚያውቅ ሰው እያለቀ ነው እኮ። ባይነካ ምናለ?»

«እሺ ልጄ፣ ክረምቱን አንተ ትተኛበታለህ?»

ዝም አለ። እኔም ብሆን መልስ የለኝም።

ቡናው ግን እስከ በረካ ተጠጣ። አዲስ አበባ ላይ ከልክለኸው የሄድከውን ሰው ዳግም አታየውም፤ እዚህ ግን ነገ ለቅሶ ቤት፣ እሑድ ደግሞ ሰንበቴ ላይ ጎን ለጎን ትቀመጣለህ።

መንገድ ላይ የሚያገኘው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ መጠለያዎቹ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ለዝናብ መከላከያ ተብለው እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ የተተከሉትን አራት ግዙፍ መጠለያዎች ማለቴ ነው። እኔ ከመሄዴ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነዋሪው «ቅርሳችን ላይ ይወድቁብናል» ብሎ ሰልፍ ወጥቶ ነበር። ሲተከሉ ይኼ ልጅ ገና የትምህርት ቤት ደብተር ተሸካሚ ነው። ማን ይሰማዋል? «አርክቴክቱ አንተ አይደለህ እንዴ? መቼ ነው የምታነሣልን?»

አመሻሹ ላይ አንድ በድንጋይ የተሠራ የውኃ መውረጃ ቦይ አሳየኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ እሱ ነድፎ የተሠራለት ይኼ ብቻ ነው። ቁጭ ብሎ በእጁ ዳበሰው። አዲስ አበባ ያሉት ጓደኞቹ የዚህን ደመወዝ ስንት እጥፍ እንደሚያገኙ ያውቃል፤ ይደውሉለታል፣ ና ይሉታል።

«ነገ ጠዋት ክዳን የሚያውቁ ሽማግሌ ይዤ እማማ ጋ እመለሳለሁ» አለኝ።

በነጋታው በማለዳ አብሬው ሄድኩ። ሽማግሌውም መጥተዋል። ደጃፉ ላይ ግን ብሎኬቱ ማታውኑ ተራግፎ ተደርድሯል። ልጅየው በሩ ላይ ቆሞ «ና፣ ቡና ደርሷል» አለው።