ድስት የተሠራበት ምድጃ

በእንግሊዝ አገር፣ ሰቨርን በሚባል ወንዝ አጠገብ፣ ኮልብሩክዴል የሚባል ሸለቆ አለ። በሸለቆው ውስጥ አንድ አሮጌ የድንጋይ ምድጃ ይገኛል። እንጀራ የሚጋገርበት ምድጃ አይደለም። ብረት የሚቀልጥበት ነበር።

ሥራው እንዴት ነበር? ብረት ያለበት ድንጋይ፣ የኖራ ድንጋይና ከሰል በምድጃው አናት ይጨመራል። ከታች በወናፍ ይነፋል። የእኛ አገር ቀጥቃጭ ወናፉን በእጁ ይነፋል። የዚያን ምድጃ ትልልቅ ወናፎች ግን የሚያንቀሳቅሰው ውሃ የሚያዞረው መንኰራኩር ነበር። እሳቱ ሲግም ብረቱ ይቀልጥና ከግርጌ እንደ ውሃ ይፈሳል።

በፊት ከሰሉ የእንጨት ነበር። ለብረት ሲባል ብዙ ዛፍ ይቆረጣል። ከመሬት የሚቆፈር የድንጋይ ከሰል በአካባቢው ሞልቷል። ነገር ግን ድኝ ስላለበት ብረቱን ያበላሻል። አብርሃም ዳርቢ የሚባል ብረት ሠሪ መላ አገኘ። የድንጋዩን ከሰል አስቀድሞ እንደ እንጨት አከሰለው። ድኙም ቀነሰለት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1709 ዓ.ም. በዚህ ከሰል ብረት አቀለጠ። (ቀጥለው ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆች ናቸው።) ከዚያም ብረቱን በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ እያፈሰሰ ምን ሠራ? ድስት! ተራው ሰው ወጥ የሚሠራበትን የብረት ድስት።

የልጅ ልጁም በ1779 ዓ.ም. በሰቨርን ወንዝ ላይ የብረት ድልድይ አቆመ። ዛሬም ሰው በእግሩ ይሻገርበታል።

ምድጃው በኋላ ሥራ አቆመ። አፈርና ፍርስራሽ ለበሰ። ሰዎች ግን ቆፍረው አወጡት። በ1959 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። ዝናብ እንዳያፈርሰውም ቤት ተሠራለት። በ1986 ዓ.ም. ዩኔስኮ አካባቢውን ከነድልድዩ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ልብ በሉ! ይህ ቦታ ቤተ መንግሥት አይደለም። ንጉሥ አልነገሠበትም። ጥላሸት የለበሱ ሠራተኞች ድስት የሠሩበት ነው። ያ አገር ይህን ቅርሴ ብሎ ይጠብቃል። እኛስ? ማረሻችንን የሚሠራልንን ቀጥቃጭ «ቡዳ» እያልን ስንሰድብ ኖረናል። እስቲ ማረሻ ሳይኖር የትኛው መሬት ይታረሳል?

በቀበሌያችሁ ያሉትን ሽማግሌ ቀጥቃጮች ቀርባችሁ ጠይቋቸው። ወናፉ ከምን ቆዳ ይሰፋል? የብረቱ መብሰል በምን ይታወቃል? ሙያውን ያስተማራቸው ማን ነው? እናንተ አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። የሚነግሯችሁን በደብተራችሁ ጻፉት።