400 ብሎ የመለሰው ተማሪ

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር ኩረጃው ቀነሰ፣ ገመናውም ተገለጠ። ግን እነዚህ ቁጥሮች የሚናገሩት ስንት ተማሪ እንደወደቀ ነው፤ የት ላይ እንደወደቀ አይናገሩም። በሂሳብ ትምህርት ደግሞ ትልቁ ጥያቄ ይኸው "የት ላይ?" የሚለው ነው።

ያቤሎ ለሚማር ልጅ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ይኸውና። አንድ አርብቶ አደር 40 ሜትር የሚዞር የእሾህ አጥር አለው። አራት ማዕዘን በረት ቢሠራበት ሊያገኝ የሚችለው ትልቁ መጠነ ስፋት ስንት ነው? የ12ኛ ክፍል የካልኩለስ ጥያቄ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ርዝመትና ሁለት ወርድ ተደምረው 40 ከሆኑ፣ አንድ ርዝመትና አንድ ወርድ 20 ይሆናሉ። ርዝመቱ ኤክስ ከተባለ ወርዱ 20 ሲቀነስ ኤክስ ነው። ሁለቱ ሲባዙ መጠነ ስፋቱ 20 ኤክስ ሲቀነስ ኤክስ ስኩዌር ይመጣል። ዴሪቬቲቩ 20 ሲቀነስ 2 ኤክስ ነው፤ ይህ ዜሮ የሚሆነው ኤክስ 10 ሲሆን ነው። መልሱ 100 ካሬ ሜትር። (የቦረና ከብት በረት ግን በአብዛኛው ክብ ነው። ያው 40 ሜትር አጥር ክብ ሆኖ ቢዞር 127 ካሬ ሜትር ገደማ ይይዛል። መጽሐፉ "አራት ማዕዘን ይሁን" ባይል ኖሮ አባትየው ልጁን ይበልጠው ነበር።)

አሁን 400 ብሎ የመለሰውን ተማሪ እንይ። 40ውን ለሁለት ማካፈል ረስቶ ወርዱን 40 ሲቀነስ ኤክስ ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ዴሪቬቲቩን በደንብ ወሰደ፣ ከዜሮ ጋር አስተካከለ፣ ኤክስ 20 አለ፣ 20 በ20 አባዛ። ይህ ልጅ ካልኩለስ ያውቃል። የጎደለው ገና በታችኛው ክፍል ሊይዘው የሚገባ የመጠነ ዙሪያ ነገር ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ ምንም ሳይሠራ በግምት 400 የሚለውን አጠቆረ። የመልስ ወረቀቱ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። በግምት 100ን ያጠቆረው ሦስተኛው ተማሪ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል!

ለቦረና ልጅ የተሳተው እርምጃ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ርቆ ነው የሚገኘው። እስከ 8ኛ ክፍል ሂሳብን በአፋን ኦሮሞ ተምሮ 9ኛ ላይ በእንግሊዝኛ ይጀምራል። ከ2013 መጀመሪያ አንስቶ ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ ከብት አለቀ፣ ቤተሰብ ተሰደደ። በ2013 8ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሳያቋርጥ ከዘለቀ 12ኛ ክፍል የደረሰው በ2017 ነው። በእነዚያ ዓመታት ከትምህርት ገበታ የራቀባቸው ወራት በታሪክ ትምህርት ቢሆን አንድ ምዕራፍ ያጎድሉ ነበር። በአልጀብራ ግን የጎደለው ምዕራፍ ከላዩ ያለውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል።

እንዲህ ላለው ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት መድኃኒት የቆየ ፈተና ከነመልስ ቁልፉ ነው። ቁልፉ "ሐ" ይላል፤ ለምን ሐ እንደሆነ አይናገርም። ልጁም ሐን ይሸመድዳል፣ ቁጥሩ ሲቀየርበት ግራ ይጋባል።

ምርጫ ፈተናው ለብዙ መቶ ሺህ ተፈታኝ በማሽን የሚታረም ነውና እሱን መቀየር ቀላል አይደለም። የክፍል ፈተና ግን በማሽን አይታረምም። መምህሩ የተማሪው ብዛት ስለሚያስጨንቀው እሱም ወደ ምርጫ ይሄዳል፤ አይፈረድበትም። ቢሆንም በሳምንት አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ከነሙሉ አሠራሩ በወረቀት ተቀብሎ፣ መስመሩ የተሳተበት ቦታ ላይ በቀይ ማክበብ ይቻላል። ነጥብ ባይሰጥበትም ግድ የለም። ያኔ 400 ብሎ የመለሰው ልጅ ካልኩለስን እንደ አዲስ አይጀምርም፤ የመጠነ ዙሪያን ጉዳይ አስተካክሎ ይቀጥላል። አሁን ባለው አሠራር ግን ይህ ልጅ ከ50 በታች ካመጣና ዕድል ከቀናው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የማካካሻ ትምህርት ይወስዳል። እዚያም የት ላይ እንደሳተ የሚጠይቀው ካላገኘ፣ ያንኑ ካልኩለስ ከመጀመሪያው ይሰጡታል።