ሁለት መቀመጫ ያላት መኪና

ቤተ ሰቡን የምታመላልስ ኮሮላ እያለችን፣ መካኒክ እንኳ ሳናማክር፣ ለአንዲት አሮጌ ኤም.ጂ.ቢ. ቀብድ ከፈልን። ይህች ጣሪያዋ ቴንዳ የሆነ፣ መቀመጫዋም ሁለት ብቻ የሆነ የእንግሊዝ መኪና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1980 ስትሠራ የኖረች ናት። ልባችንን የማረከው ድምጿ ነበር።

በማግስቱ መካኒኩን ይዘን ሄድን። እርሱ ድምጿንም ቀለሟንም ከቁም ነገር አልቈጠረም፤ ጐንበስ ብሎ ከበሩ ሥር ባለው ላሜራ ላይ ማግኔት ቢያሳርፍ ማግኔቱ ወደቀ። ከቀለሙ በታች ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ኖሯል። ኤም.ጂ.ቢ. ለብቻው የቆመ ሻሲ ስለሌላት፣ ያ ላሜራ ከበሰበሰ ወገቧ ተሰበረ ማለት ነው።

ማታ ለባለቤታችን ነገርናት። ስለ ዝገቱ አንዳች አልጠየቀችንም፤ «ለመሆኑ ከልጆቹ ማንኛው ሊቀር ነበር?» አለችን።

ቀብዱ የልጆቹ የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ መሆኑን ገና አልነገርናትም ነበር።