ብሩ ግንባሯ ላይ፣ ስሟ የት?

አዲ አርቃይ፣ ሰርግ ቤት። አዝማሪው ማሲንቆውን ጠበቅ ሲያደርገው አንዲት ልጅ ወደ ዳሱ መሀል ገባች። መቀነቷን አጠበቀች፤ እጇን ወገቧ ላይ አኖረች። ከዚያ በኋላ ትከሻዋ የእሷ አልመሰለኝም። እግሯ ግን ከቆመበት ስንዝር አልራቀም። ደባርቅ ላይ ጋቢ እንደደረቡ እስክስታ ሲወርዱ አይቻለሁ። ሊማሊሞን ቁልቁል ጨርሰው ቆላው ሲቀበልዎ ግን ትከሻም አብሮ የሚፍታታ ይመስለኛል። (የደባርቅ ሰው እንዳይቀየመኝ።)

*

ግንባሯ ላይ የተለጠፈው ብር አልወደቀም። ሙጫው ላብ ነው። ባለ 200 ብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ አስር ብር ይዞ የሚነሳ ሸላሚ አላጋጠመኝም። ሸላሚው ብሩን ከፍ አድርጎ ትንሽ ይቆያል፤ ካሜራው እስኪዞርለት። ለጥፎ ሲመለስ እልልታው ለእሱ ነው።

*

አጠገቤ የተቀመጡትን አባት «ማን ናት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ተወዛዋዥ ናት። ከጎንደር ነው ያመጧት።»

የአዝማሪውን ግን ስሙን፣ አባቱን፣ የማን ዘመድ እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ዘረዘሩልኝ።

*

ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣ «ዳንስ፣ ገርል፣ ዳንስ» የሚባል የሆሊውድ ፊልም አስታወሰኝ። ያዘጋጀችው ዶሮቲ አርዝነር ናት፤ በዚያ ዘመን በትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ፊልም የምታዘጋጅ ሴት ከእሷ በቀር አልነበረችም ማለት ይቻላል። ሁለት ባልንጀሮች ናቸው፤ ሁለቱም ከመድረክ እንጀራ የሚፈልጉ። ሞሪን ኦሃራ የምትጫወታት ጁዲ ባሌ ትመኛለች። ሉሲል ቦል የምትጫወታት በብልስ ገበያው ምን እንደሚፈልግ ገብቷታል። ሥራ የጠፋባት ጁዲ በመጨረሻ በበብልስ ትርኢት መሀል እየገባች ባሌ ትደንሳለች። የተቀጠረችው እንዲሳቅባት ነው። አዳራሹ «በብልስን አምጡልን» እያለ ይጮህባታል።

አንድ ምሽት ዳንሱን ታቆምና ወደ መድረኩ ጫፍ ትመጣለች። ለማፍጠጥ ከፍለው የመጡትን ሁሉ፣ ቤታቸው ገብተው ለሚስቶቻቸው ጀግና መስለው እንደሚታዩ፣ ከመድረኩ ላይ ያሉት ግን ማንነታቸውን አብጠርጥረው እንደሚያውቁ ትነግራቸዋለች። ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዲት ሴት ተነስታ ታጨበጭባለች፤ አዳራሹ ይከተላታል። ብዙ ሰው የሚያደንቀው ንግግሩን ነው። እኔን የገረመኝ ጭብጨባው ነው፤ ተሰድበው እንኳ የገዙት ትርኢት መሰላቸው።

ፊልሙ በጊዜው ከሰረ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው ፊልሞች መዝገብ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከ67 ዓመት በኋላ።

*

በእኛ አገር የዘፈን ክሊፕ ውስጥ ድምፃዊው ይቆማል፤ አራት አምስት ተወዛዋዦች ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ይወርዱታል። መጨረሻ ላይ የግጥሙ፣ የዜማው፣ የቅንብሩ፣ የካሜራው ባለቤት ይጻፋል። አልባሳት ያከራየው እንኳ ይመሰገናል።

*

ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቴአትር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ አሉ። ከዚህ ሁሉ ዘመን የአምስት ተወዛዋዥ ስም ጥራ ብባል መላኩ በላይ ላይ እቆማለሁ። ካዛንቺስ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ከባንኮኒ ሥር እያደረ፣ በሽልማት ብር እየኖረ የተወዛወዘ ልጅ ነው። ኋላ ቤቱን ራሱ ያዘው፤ ኢትዮከለር የሚባለውን ቡድን መሠረተ፤ ፈረንሳይ ኒሻን ሰጠችው። እሱንም ቢሆን ብዙ ሰው ያወቀው ውጭ አገር ከተጨበጨበለት በኋላ ይመስለኛል።

*

ዙሩ ሲያልቅ ልጅቷ ከዳሱ ጀርባ ወጣች። ብሩን ከግንባሯ አንስታ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችውና ለአዝማሪው ሰጠችው። ክፍፍሉ ሌሊት ነው አሉ። ተጠግቼ ስሟን ጠየቅኋት።

«ስሜ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ።

ሳትነግረኝ ማሲንቆው ጠራት።