ባዶ መቶ

እኛ የቡና አገር ልጆች ፊደል ሳንቆጥር የምንለምደው ቃል ቢኖር ኩንታል ነው። ለቀማ ሲደርስ ከቴፒ እስከ ሚዛን ተፈሪ በሰው ሁሉ አፍ የሚዞረው እሱው ነው። «ዘንድሮ ስንት ኩንታል አገባችሁ?» ለመሆኑ ይህ ቃል የማን ልጅ ነው?

ዘሩ ላቲን ነው። ሮማውያን መቶን «ኬንቱም»፣ መቶ የሚመዝነውን «ኬንቴናሪዩም» ይሉ ነበር። ቃሉ ከግሪኮች ወደ ዐረቦች ነጋዴዎች አለፈ። ከዐረቦች ተመልሶ አውሮፓ ሲገባ ጣልያኖች «ክዊንታሌ» አሉት። እኛም የመጨረሻዋን ድምፅ አራገፍንና ኩንታል አልነው። ኖርዌጂያኖች ደግሞ ያንኑ የላቲን ቃል በጀርመኖች በኩል ተቀብለው «ሴንትነር» አሉት። የኛው 100 ኪሎ ነው፤ የነሱ የድሮው 100 ፓውንድ፣ ማለት ወደ 50 ኪሎ ግድም። ሁለቱም መቶ ናቸው፤ የምን መቶ እንደሆነ ግን ካልተጠየቀ አይታወቅም።

አማርኛ እንግዳውን በራሱ ሕግ አሳደረው። «ሦስት ኪሎ» እንደምንል «ሦስት ኩንታል» እንላለን እንጂ ከቁጥር በኋላ «ኩንታሎች» አንልም። የመለኪያ ወጉ ይኸው ነው። እየዋለ እያደረ ግን ቃሉ ሌላ ሥራ ያዘ፤ ጆንያው ራሱ ኩንታል ተባለ። «ባዶ ኩንታል አምጣ» እንላለን። ባዶ መቶ ማለት እኮ ነው!

ሳቁ እዚህ ላይ ያበቃል። ጀንፈል ገለፈቱ ያልተለየው ቡና ስለሆነ ቦታ ይይዛል እንጂ ብዙ አይመዝንም። እስከ አፉ የሞላ ጆንያ 100 ኪሎ ላይደርስ ይችላል። «ሦስት ኩንታል ጀንፈል አለኝ» ያለ ገበሬ ሦስት ጆንያ ማለቱ ነው ወይስ 300 ኪሎ? ሰዋስው አይለየውም፤ ሁለቱም በአንድ መልክ ይነገራሉ። የቡና ላይ ጨዋታ ሲሆን ጉዳት የለውም። ቡናው ገና ዛፍ ላይ ሳለ ብድር ተወስዶበት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ተበዳሪው ሦስት ጆንያ ብሎ የሰጠውን ቃል አበዳሪው 300 ኪሎ ብሎ ከሰማው፣ ጉድለቱን የሚሞላው ድሀው ተበዳሪ ነው። የሚሞላውም ለልጆቹ ልብስና ደብተር ካሰበው ላይ ቀንሶ ነው።

ቃል መበደር ነውር አይደለም። ሮማዊው ቃሉን ሲጠራ መቶው በጆሮው ይሰማ ነበር፤ እኛ ግን ድምፁን ስንበደር ቁጥሩ መንገድ ላይ ቀረ። እንግዲህ ውል ስንጽፍ ከኩንታሉ ጎን ኪሎውን እንጻፍ። ማንበብ ለማይችሉ አባቶችና እናቶቻችንም ከመፈረማቸው በፊት ጮክ ብለን እናንብብላቸው። ሚዛን የምትባል ከተማ ይዘን በጆንያ መተማመን አያምርብንም።